የቤት ሻጭና ገዢ አገናኝ ለመሆን ስለሚሰጠው ፈተና

ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ወጥቶ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት የቤት ሻጭና ገዢ አገናኝ ለመሆን የሚያስብ ወገን አስቀድሞ የ60 ሰዓት ትምህርት ይማራል፤ ከዚያም ለፈተና ይቀመጣል። ፈተናው 120 ጥያቄ አለው፤ 80ው ጠቅላላ ሲሆን 40ው የግዛቱን ሕግ ይመለከታል። ለማለፍ ከፊተኛው 56፥ ከኋለኛው 30 መመለስ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚፈራው ሒሳቡን ነው። በእኔ ግምት ግን የሚያስቸግረው ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን እንመልከት። መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጆች ከግል ይዞታ ወጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አይሸጥም፥ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ሐይቅ ከተማ ቤት ሲሸጥ የሚተላለፈው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት እንጂ መሬቱ አይደለም። በቨርጂኒያ ግን መሬቱ ራሱ ይሸጣል። ፈተናው ባለቤትነትን የሚያየው እንደ እንጨት እስር ነው፤ ማዕድኑን ወይም መተላለፊያውን እንደ አንድ ጭራሮ መዝዞ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል። ይህን ያልጨበጠ ተማሪ የቃላቱን ፍች ቢሸመድድም አይረዳውም።

ሁለተኛው ደላላነቱ ነው። የእኛ ደላላ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል፥ ለሁለቱም ወዳጅ ነው። እዚያ ግን አገናኙ የወከለው ሰው ታማኝ ነው፤ ሻጩ «ከዚህም ዝቅ ብል እሸጣለሁ» ያለውን ለገዢው ቢያወራ ጥፋተኛ ነው። ሁለቱንም ለመወከል የሁለቱም የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ይህ ነው፦ «የአገርህ ሰዎች ያሉበትን ሰፈር ላሳይህ» ማለት ለእኛ ደግነት ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሕግ ግን ገዢን በዘሩ ወይም በትውልድ አገሩ ወደ አንድ ሰፈር መምራት ክልክል ነው። ሰፈሩን የሚመርጠው ገዢው ራሱ ነው። (ይህን ጥያቄ በደግነት የሚሳሳት ብዙ ይመስለኛል።)

የቀረው የቃል ነገር ነው። «ይችላል» እና «ግዴታ አለበት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ትክክለኛውን መልስ ይለውጣሉ። አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ ይህን ታውቀዋለች። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፥ ሮማ የራሷን ጽሑፍ እንደ ግዴታ ተረጎመችው፤ መጨረሻው ዐድዋ ሆነ። በመልመጃው ወረቀት ላይ እነዚህን ሁለት ቃላት በተገኙበት ሁሉ አስምሩባቸው፤ መልሱን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።