ፋይቭ ኤል ወይስ ዲፎርዲ? ጣርማ በር ይጠየቅ

የእህቴ ልጅ የሽንኩርቱን ብር ይዞ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ገና ሦስት ሰዓት ነበር፤ የሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ግን መፋጀት ጀምሯል። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠም።

«ጋሼ፣ ሁለት ሃይሉክስ አግኝቻለሁ። አንዱ የ2002 ሞዴል፣ ፋይቭ ኤል ነው፤ አጣዬ ነው ያለው። ሌላው የ2008፣ ዲፎርዲ፤ ደብረ ብርሃን ነው። ደላላው እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው የምጠብቅህ ብሎኛል። የቱን ልግዛ?»

እዚህ መንገድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ከረዳትነት ጀምሬ አይሱዙም ሚኒባስም ፒክአፕም ይዣለሁ። አሁን ጉልበቴ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ስለሚያመኝ ቤት ውያለሁ፤ በሰፈሬ መኪና የሚገዛ ሰው ግን አንድ ጊዜ ሳያማክረኝ ብሩን አይቆጥርም። ሁሉም የሚጀምረው ከሞዴሉ ነው። እኔ የምጀምረው ከሌላ ነው።

«ሽንኩርቱን ወዴት ነው የምትወስደው?» አልኩት።

«ወደ ላይ ነዋ። ደብረ ብርሃን፣ ከሆነም አዲስ አበባ።»

«ወደ ላይ» የሚለው ቃል ለእኛ ለይፋት ሰዎች ቀላል ቃል አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነስቶ በአርማኒያ በኩል ደብረ ሲና የሚወጣ፣ ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደቆፈረው ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚጠመዘዝ ሾፌር በሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ውስጥ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ይወጣል። ታች በከነቴራ ተነስቶ ላይ ጋቢ ይለብሳል። ሰው ይደርባል፤ ሞተር ግን ምን ይደርባል?

ነገሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንለው ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማንያ ስድስት ያህል ነው፣ ጣርማ በር ላይ ከሰባ በታች ይወርዳል። ናፍጣ የሚነደው በአየር ነው። ፋይቭ ኤል ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበውን አየር ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ በጃፓን ወደብ ላይ 90 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የነበረው ሞተር ዋሻው አፍ ሲደርስ ሲሶውን ያህል ጥሎ ነው የሚደርሰው። ሾፌሩ ነዳጁን አምርሮ ይረግጣል፤ ናፍጣው ይጨመራል፣ አየሩ ግን የለም። ያልነደደው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ከኋላ ላለው ሰው ፊት ይወጣል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያቃሰተ ሲወጣ ያየነው ሁሉ የጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የትንፋሽ ማጠር ነው።

ቱርቦ የመጣው ለዚህ ነው። አሠራሩን ለእህቴ ልጅ በወፍጮ አስረዳሁት። የውሃ ወፍጮ አይተሃል? ወንዙ ከታች መዘውሩን ይገፋል፣ ያው ዘንግ ከላይ ድንጋዩን ያዞራል። ቱርቦም አንድ ዘንግ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ያለውን መዘውር የሞተሩ ጭስ ይገፋዋል፣ በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ ንጹሕ አየር ከውጭ ስቦ፣ ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ሊጣል የነበረው ጭስ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ ያች ከጣት የማትወፍር ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች። የያዛት ደግሞ ቀጭን የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ይህንን የዘይት ነገር አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡን በ1905 በፈረንጅ አቆጣጠር ፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ለእኔ ግን የሚጣፍጠኝ የ1918ቱ ታሪክ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ቱርቦው ለአውሮፕላን ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ ወጣ፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው። ታች 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር አናቱ ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሆነ። የጣርማ በሩ ነገር ማስረጃ ይኸው ነው፤ ፈረንጆቹ በሌላ ተራራ ሞከሩት እንጂ። የሚገርመው፣ ዛሬ ቱርቦ ሲባል ሰው የሚታየው እንደ 1975ቱ ፖርሽ 911 ቱርቦ ያለ ሽቅርቅር የስፖርት መኪና ነው። ነገሩ የተፈተነው ግን ትንፋሽ ባጠረው ሞተር ላይ ነበር።

ወደ ሁለቱ ሃይሉክሶች ልመለስ። ፋይቭ ኤል 2,986 ሲሲ ነው። በ2004 በፈረንጅ የመጣው ትውልድ ላይ ያለው ዲፎርዲ፣ ማለትም መካኒኮቹ ቱ ኬዲ የሚሉት፣ 2,494 ሲሲ ብቻ ነው። በግማሽ ሊትር ያንሳል። ሆኖም ቱርቦ ስላለው የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች እንኳ 102 ፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ቶርክ የሚሉት የመጎተቻ ጉልበት ደግሞ ፋይቭ ኤሉ 200 የማይሞላ ሲሆን የዚህ 260 ነው። በኋላ የመጡት ኢንተርኩለር አላቸው፤ ቱርቦው ሲጠቀጥቀው የሚሞቀውን አየር መልሶ የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር መሳይ ነገር ነው። እንደ ይፋት ባለ ሙቅ አገር ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ትኩስ አየር ራሱ ስስ አየር ነውና። ኮፈኑ ላይ አፍ የከፈተ ሃይሉክስ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ኢንተርኩለር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ለማማር ብቻ አፍ ያስከፈቱም ስላየሁ ነው።

ታዲያ ነገሩ አለቀ፣ ዲፎርዲ ይገዛ? አላለቀም። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

በ2003 ዓ.ም. የአንድ ነጋዴ ዲፎርዲ ፒክአፕ እነዳ ነበር፤ ቲማቲም ነው የምጭነው። ሸዋ ሮቢት ሌሊት እነሣለሁ፣ ሳልቆም ደብረ ሲና እወጣለሁ፣ እዚያ ለልጆቼ ቆሎ እገዛለሁ። የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ ሾፌር አለ? ልክ ቆሎ ሻጮቹ ጋ ስደርስ ቁልፉን አጠፋለሁ። በፋይቭ ኤል ዘመን የለመድኩት ነው፤ ናፍጣ ይቆጥባል። ስምንት ወር እንዲህ አደረግሁ። አንድ ቀን ከዋሻው ሳልደርስ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ በመስታወት ሳይ ኋላዬ ሰማያዊ ጭስ ሆኗል። ጥቁር ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው፣ ሰማያዊ ግን ዘይት ነው። ደብረ ብርሃን ድረስ ተጎተትኩ። መካኒኩ ቱርቦውን ፈታና ዘንጉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። እንደ ቡና ምጣድ ቂጥ ከስሏል።

«አንተ ነህ የቆላኸው» አለኝ።

ዳገት ሲወጣ ጭሱ ከስድስት መቶ ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ቱርቦውም ይግላል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፓምፑ አብሮ ይቆማል። በዘንጉ ዙሪያ የቀረው ዘይት እዚያው ይቆላል፣ ከሰል ይሆናል፣ በሚቀጥለው ቀን ዘይት የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ማዳኛው ሁለት ደቂቃ ነው። ዳገት ወጥተህ ስትቆም ሞተሩን ዝም ብለህ በሚኒሞ ሁለት ደቂቃ ታቆየዋለህ፣ ከዚያ ታጠፋለህ። ባለቤቱ የቱርቦውን ግማሽ ዋጋ ከደሞዜ ሦስት ወር ቆረጠ። ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደምታወጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሌላም አለ። የቱርቦው ማኅተም ሲበላ ዘይቱ በአየር መግቢያው በኩል ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ዘይትንም ያነድዳል። ቁልፉን ነቅለህ ሞተሩ አልጠፋም ብሎ እየጮኸ ሲሄድ ያላየ ሰው አያምንም። እንዲህ ከሆነ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው፤ ታንቆ ይጠፋል። ኮፈን ከፍቶ እጅ መክተት አይሞከርም።

ከቱርቦው ይልቅ የዲፎርዲ ባለቤቶችን ያስለቀሳቸው ግን ናፍጣው ነው። የፒክአፕ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ሦስት ባር ነው። የዲፎርዲ ኢንጀክተር ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,300 ባር በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት፣ በዓይን ለማየት በሚያስቸግር ቀዳዳ ነው። ለዚህ ቀዳዳ የአሸዋ ብናኝ ቋጥኝ ነው። እኛ ዘንድ ማደያው ሲነጥፍ፣ ሰልፉ ሲረዝም፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ናፍጣ በጀሪካን ነው የሚገኘው። በጀሪካን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሻጩ ነው፤ እሱም አንዳንዴ አያውቅም። ፋይቭ ኤል ውሃ ቢጤ ቢቀላቀልበት አስነጥሶት፣ አስሎት፣ ፊልትሮ ተቀይሮለት ይነሣል። ዲፎርዲ አራት ኢንጀክተር ይዞብህ ይሄዳል።

በኢንጀክተሮቹ ሥር የምትቀመጥ የመዳብ ሮንዴላ አለች፤ ከአምስት ሳንቲም አትበልጥም። እሷ ስታሳልፍ የነደደው ጭስ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ከታች ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት አጣ ማለት ቱርቦው አጣ፣ ብሮንዚኑም አጣ ማለት ነው። ስንቱ ሞተር በዚህች ሮንዴላ ወረደ! ዲፎርዲ የያዘ ሰው በጊዜዋ ያስቀይራት፤ ዘይቱንም አያዘግይ።

የአሮጌው ወዳጆች ደግሞ ብዙ አይኩራሩ። ፋይቭ ኤል ሙቀት ይጠላል። ጣርማ በር ላይ ውሃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ከላላ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ተንኖ ይጎድላል፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ደካማ ስለሆነም ሾፌሩ ዳገቱን ሙሉ አጥብቆ ስለሚረግጠው ይበልጥ ይግላል። የማይበላሽ መኪና ሲሉ እሰማለሁ፤ በቀላሉ የሚጠገን መኪና ቢሉ ያስማማናል። ለእሱ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስድስት መካኒክ እጠራለሁ። ዲፎርዲውን ኮምፒውተር ሰክቶ የሚያነብ ግን ደብረ ብርሃን ወይም ኮምቦልቻ መሄድ ይጠይቃል፤ ዕቃው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ።

ከሁለቱም የተሻለ አዲስ ይግዛ የሚል ይኖራል። በ2015 በፈረንጅ የመጣውን ትውልድ ነድቼዋለሁ፤ ዳገቱን ዳገት አያስመስለውም። ግን ማን ይገዛዋል? በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት በኤክሳይዝ ታክስ ከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እኛ የቀረን እዚሁ ያለውን እርስ በርስ መሸጥ ነው። ለዚህ ነው የሃያ ዓመት ፒክአፕ እንደ በሬ የሚወደደው።

ሰኞ አብሬው ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ሻጩ ዲፎርዲውን አስነሥቶ ነው የጠበቀን። ኮፈኑን ስነካው ይፋጃል። አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ በጠዋት አልነሣ የሚል ሞተር ሊኖረው ይችላል። «አጥፋው፣ ሻይ ጠጥተን እንመለስ» አልኩት። ፊቱን አጨማደደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ብርድ ላይ አስነሣሁት፤ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። የዘይት ክዳኑን ከፈትኩ፣ ብዙ አይተነፍስም። ከቱርቦው የሚመጣውን የአየር ቱቦ አስፈትቼ ጣቴን ከተትኩ፤ ትንሽ ወዝ አለ፣ የሚንጠባጠብ ዘይት ግን የለም። ዘንጉን በጣት ወዘወዝኩ፤ ጎን ለጎን ቅንጣት ያህል ይላወሳል፣ ያ ጤናው ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን አይንቀሳቀስም። ከዚያ ሻጩን አሳፍረን ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና ወርደን መልሰን ወጣን። ጉም ነበር። በሦስተኛ ማርሽ ወጣ።

«አሁንስ?» አለኝ የእህቴ ልጅ።

ነገርኩት። ሥራህ ከሮቢ ወንዝ ዳር ማሳ እስከ አስፋልት፣ ቢበዛ እስከ ሰንበቴ ገበያ ቢሆን ፋይቭ ኤሉን እልህ ነበር፤ በጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲጎተት ቱርቦ ይተኛል፣ እሱ ግን ከሥር ጀምሮ ይስባል። አንተ ግን ጭነህ የምትወጣው ጣርማ በርን ነው። ይህንን ግዛ፤ ሁለት ደቂቃዋን ጠብቅ፣ ናፍጣ ከማደያ ቅዳ።

ገዛው።

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከበስተጀርባ ሞተር በሚኒሞ ይሰማል፣ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ድምፅም አለ። «ጋሼ፣ ደብረ ሲና ነኝ። ሁለት ደቂቃዋን እየቆጠርኩ ነው የደወልኩልህ። እንደ ሚዳቋ ነው የወጣው!»

«ናፍጣ ከየት ቀዳህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ሞተሩ ብቻ ይሰማኛል።

«ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደርሶ ነበር፣ ጋሼ...»