የጀልባዋ ማርሽ

(ድምፅ፦ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና፤ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ)

ተራኪ፦ ዋጫ ነን፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ። ቡና የጫነ ኢሱዙ ዳገት ሲጀምር ሹፌሩ ሳያመነታ ማርሽ ይቀንሳል። በአራተኛ ልውጣ ቢል ሞተሩ ይታፈናል፤ ነዳጅ ቢረግጥም ዙሩ አይነሣም። የዛሬው ጉዳያችን ግን የጀልባ ሞተር ነው። ጀልባ ያላት ማርሽ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ዜሮ ብቻ ነው። ዳገት ሲገጥማት የምትቀንሰው የላትም።

ውሃ ላይ ደግሞ ምን ዳገት አለ? ጭነት አለ፣ ማዕበል አለ። በእኛ አገር ከፍታው ራሱም አለ።

(ድምፅ፦ የጀልባ ሞተር ሲነሣ)

ተራኪ፦ የካፋን ውሃ የሚያወርደው ጎጀብ ኦሞን ተቀላቅሎ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጊቤ 3 ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይመግባል። በዳውሮ ያለው ሃላላ ኬላ ሪዞርት ቁልቁል የሚያየው ይህንኑ ውሃ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 892 ሜትር ይደርሳል። ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በጊቤ 3 ከፍታ በ8 በመቶ ገደማ፣ በጣና በ16 በመቶ ገደማ። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ባነሰ መጠን ጉልበቱም ያንሳል። በባሕር ዳርቻ 40 የፈረስ ጉልበት ያወጣ የነበረው ሞተር ጣና ላይ 34 ቢያወጣ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 40 ግን አይለወጥም፤ ብዙ ገዢ የሚያምነው ደግሞ ክዳኑን ነው።

ይህን ጉልበት ወደ ግፊት የሚለውጠው ፕሮፔለሩ ነው። በሁለት ቁጥር ይታወቃል፦ በስፋቱና በፒቹ። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ቡሎን ጠጣር ነገር ውስጥ ቢሽከረከር በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት ነው። 11 ኢንች ፒች ያለው ፕሮፔለር፣ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር እየዞረ፣ ማርሹም ዙሩን በግማሽ እየቀነሰ፣ በወረቀት ላይ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ውሃ ግን ጠጣር አይደለም፤ ይሸሻል። ስለዚህ ጀልባዋ ሁልጊዜ ከስሌቱ በታች ናት፤ በተለይ ስትጭን።

አሁን ወደ ዙር ገደቡ እንምጣ። አምራቹ ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ ሊዞርበት የሚገባውን ክልል ያስቀምጣል፤ ለብዙዎቹ ባለ አራት ምት የጀልባ ሞተሮች ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። ፕሮፔለር ዙሩ በጨመረ መጠን የሚጠይቀው ጉልበት በሦስተኛ ኃይል ያድጋል። ጉልበቱ በ16 በመቶ ሲቀንስ ታዲያ 5,500 ይዞር የነበረው ሞተር 5,200 አካባቢ ይቆማል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ! ሰው፣ ማገዶና ከረጢት ሲጨመር ከ5,000 በታች ይወርዳል። ነጂው ነዳጁን ሙሉ ከፍቷል፤ ሞተሩ ግን ይሞቃል፣ ካርቦን ያጠራቅማል፣ ፒስተኑ ይጎዳል። ጩኸቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞተሩ የተመቸው ይመስላል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህንን ጸጥታ ነው።

መድኃኒቱ ሞተር መለወጥ ላይሆን ይችላል። ፒቹን በአንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልሳል። ፍጥነት ፈልጎ ትልቅ ፒች የሚገዛ ሰው ጣና ላይ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱንም ያጣል።

(ድምፅ፦ ከልክ በላይ የሚጮህ ሞተር)

ተራኪ፦ ያቺኑ የጣና ጀልባ ከነትንሽ ፒቿ ጋምቤላ እንውሰዳት፤ የደቡብ ምዕራቡ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ወደወረደበት ባሮ። ከተማዋ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞተሩ የተነጠቀውን አየር መልሶ ያገኛል፣ ባዶ ጀልባ ይገፋል፣ ገደቡንም ያልፋል። አዲስ ሞተር ከሆነ መቆጣጠሪያው እሳቱን ይቆራርጣል፤ ጀልባዋም ትንገጫገጫለች። መቆጣጠሪያ የሌለው አሮጌ ሞተር ግን ዝም ብሎ ይዞራል። ዙሩ ከገደቡ በ10 በመቶ ሲያልፍ የፒስተኑን ዘንግ የሚጎትተው ኃይል በ21 በመቶ ያድጋል።

ፕሮፔለሩ አየር ሲስብ ወይም ማዕበል ከውሃ ሲያወጣው የሚሰማው ጩኸትም ይኸው ነው። እምቦጭ ሲጠመጠምበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ይታነቃል። ያኔ ፒች መቁጠር ትርፍ ነው፤ ሞተር አጥፍቶ፣ ቢላዋ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ትክክለኛውን ፕሮፔለር ለማወቅ ጀልባዋን እንደ ሥራ ቀን ጭኖ፣ ሰፊ ውሃ ላይ ነዳጁን ሙሉ ከፍቶ፣ ዙር ቆጣሪውን ማንበብ ነው። ባዶዋን ሞክሮ የሚገዛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኦሞ ላይ ከጊቤ 3 በታች እየተገነባ ያለው የኮይሻ ግድብ ሲሞላ ጀልባ የሚገዙ ወረዳዎችና ማኅበራት ይበዛሉ። የጨረታ ሰነዱ ላይ ከፈረስ ጉልበቱ ቀጥሎ ሦስት መስመር ይጨመር፦ የውሃው ከፍታ፣ ሙሉ ጭነቱ፣ በሙሉ ነዳጅ የሚፈለገው ዙር። መለዋወጫ ፕሮፔለርም አብሮ ይገዛ፤ አንድ ፒች ከፍ ያለ፣ አንድ ፒች ዝቅ ያለ።