የማይበረው ወንድ፤ የቡና ፍሬ ሰርሳሪ ጥንዚዛና የፆታ ልዩነት

በጅማና በአጋሮ ዙሪያ ከዛፉ ሳይለቀም ደርቆ የቀረ ቡና ተሰንጥቆ ቢታይ፣ አንዳንዱ ፍሬ ውስጡ ተሰርስሮ ይገኛል። ይህን የምታደርገው ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ጥንዚዛ ናት። በሳይንሳዊ ስሟ ሃይፖቴነመስ ሃምፔይ ትባላለች፤ እኛ የቡና ፍሬ ሰርሳሪ እንላታለን። በሴት አንቀጽ መጥራታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍሬ ወደ ፍሬ የምትበረው ሴቷ ብቻ ናትና። ወንዱ ከእርሷ ያነሰ፣ ክንፉ የመነመነና መብረር የማይችል ሲሆን ዕድሜውን የሚጨርሰው በተወለደበት ፍሬ ውስጥ ነው። ለመሆኑ ወንዱ ለምን እንዲህ አነሰ?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የተለመደውን ሁኔታ እንመልከት። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንዶች ሴት ለማግኘት ሲፎካከሩ ወይም ሴቶች ከወንዶች መካከል ሲመርጡ ለዚሁ የሚጠቅሙ አካላት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጎሉ እንደሚሄዱ አስረድቷል። ይህም ፆታዊ ምርጫ ይባላል። በአንዳንድ ጥንዚዛዎች ወንዱ ቀንድ ያወጣው ከተቀናቃኙ ጋር ለመታገል ነው። የድንጉላ ንብ ዓይኖች ከንግሥቲቱም ከሠራተኞቹም ዓይኖች ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም ብዙ ድንጉላዎች አንዲትን ንግሥት በአየር ላይ ሲያሳድዱ ቀድሞ ያያት ይጠቀማል።

በቡና ፍሬ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዲት የተጠቃች እናት ወደ አንድ ፍሬ ትገባና እንቁላሎቿን ትጥላለች። ልጆቿ እዚያው ያድጋሉ፤ ወንድም ከእህቱ ጋር ይራከባል። እንግዲህ ወንዱ አቋርጦ የሚሄደው ርቀት፣ በብርሃን የሚፈልጋት ሴት፣ ከወንድሞቹም በቀር የሚታገለው ተቀናቃኝ የለውም። ክንፍና ትልቅ ዓይን ደግሞ ምግብና ጉልበት ይጠይቃሉ። ጥቅም የሌለው ወጪ በትውልዶች ብዛት ይቀነሳል።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያስደንቀው ቁጥሩ ነው። በብዙ እንስሳት ወንድና ሴት በእኩል ቁጥር ገደማ ሲወለዱ፣ በዚህች ጥንዚዛ ለ1 ወንድ 10 ያህል ሴቶች ይወለዳሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. የእንዲህ ዓይነቱን ክስተት ምክንያት አብራርቷል። እስቲ በቀላል ስሌት እንየው። አንዲት እናት 11 ልጆች አሏት እንበል። 5 ወንድና 6 ሴት ብትወልድ አዲስ ፍሬ የሚይዙት 6 ብቻ ናቸው። 1 ወንድና 10 ሴት ብትወልድ ግን 10 ይሆናሉ፤ አንዱ ወንድ እህቶቹን ሁሉ ለማጥቃት ይበቃልና። ሁሉም ይተርፋሉ ብንል፣ በሦስተኛው ትውልድ የመጀመሪያዋ 216፣ ሁለተኛዋ 1,000 ሴት ዘሮች ይኖሯቸዋል። ወንድሞች እርስ በርሳቸው ብቻ በሚሻሙበት ቤት ትርፍ ወንድ ልጅ ለእናቱ የልጅ ልጅ አይጨምርላትም።

ይህ ስሌት ለቡና አምራቹ ትርጉም አለው። ከፍሬው ወጥታ የምትበረው ሴት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድማ የተጠቃች ስለሆነች፣ አንዲቷ ብቻዋን አዲስ ወረራ ልትጀምር ትችላለች። በአልኮል ሽታ በሚሠሩ ወጥመዶች የሚያዙትም እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ከለቀማ በኋላ በዛፍ ላይና በመሬት የቀረው ፍሬ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት መጠለያቸው ነው፤ ስለዚህ የቀረውን አጥርቶ መልቀም ቀላልና ውጤታማ መከላከያ ነው።

ጉዳዩ እያደር ይበልጥ ያሳስባል። ጥንዚዛዋ ለማደግ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ሙቀት ያስፈልጋታል። ጁሊያና ጃራሚሎና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የጅማን የሙቀት መዝገብ ሲያሰሉ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ ቅዝቃዜው በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንደማያስጨርሳት፣ ከዚያ ወዲህ ግን ከ1 እስከ 2 ትውልድ እንደሚፈቅድላት አግኝተዋል። የአንድ ትውልድ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ከላይ ካለው ስሌት አንባቢ ራሱ ማስላት ይችላል፤ እያንዳንዱ ትውልድ ቁጥሩን በአሥር እጥፍ ሊያባዛው ይችላልና።