አገሩን ለማየት የወጣው ሽማግሌ ደራሲ

ሽምግልና ከደጃፍ ሲደርስ ቤተ ሰብ ሁሉ አንድ ምክር ይመክራል፤ ይኸውም፦ አባታችን ይረፉ፥ ከደጅም አይውጡ የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ማረፍና መቀመጥ አንድ እንዳልሆኑ የሚያስረዳ ታሪክ ስላገኘን፥ ለየቤቱ ይጠቅም ዘንድ እንጽፈዋለን።

ሚስተር ጆን ስታይንቤክ የተባሉት አሜሪካዊ ደራሲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዓመት በካሊፎርንያ በሳሊናስ ከተማ ተወለዱ። ስለ አገራቸው ድኾች ድካምና ስደት ጽፈው ስማቸው በዓለም ተሰማ። ዕድሜያቸው 58 ዓመት በሆነ ጊዜ ግን ስለ እርሱ የሚጽፉለትን አገር በቅርብ ካዩት 25 ዓመት ያህል እንዳለፈ ተገነዘቡ። በዚያውም ላይ ብርቱ ሕመም ታመው ነበር፤ ሆኖም ከሕመም የተነሣ የቤት አባት እንደ ሕፃን ሲጠበቅ መኖሩን አልወደዱትም።

ስለዚህ በ1960 ዓመት በመስከረም ወር፥ በካሚዮን ላይ አልጋና ምድጃ ያለባት ትንሽ ቤት አሠርተው፥ ቻርሊ የሚባለውን ሽማግሌ ውሻቸውን አስከትለው ከኒው ዮርክ አጠገብ ካለው ቤታቸው ተነሡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢሌን አልከለከሏቸውም፤ ይልቁንም በቺካጎ ከተማ ድረስ ሄደው በመንገድ ተገናኟቸው።

ደራሲው በተቻላቸው መጠን ታላላቁን ጐዳና እየተዉ በትንንሽ ከተሞች አለፉ። ማለዳ ሠራተኞች ቁርስ ከሚበሉበት ቤት ገብተው የሰውን ወግ ያደምጡ ነበር። በሜይን አውራጃ ድንች ሊለቅሙ ከካናዳ የመጡ ቤተ ሰቦችን በካሚዮናቸው ውስጥ እንደ ጋበዙ ይተርካሉ። በትውልድ አገራቸው ከእኅቶቻቸው ጋራ በፖለቲካ ነገር ተከራከሩ። በኒው ኦርሊንስ ግን አንዲት የ6 ዓመት ጥቁር ሕፃን ወደ ነጮች ትምህርት ቤት ስትገባ ሴቶች በአደባባይ ሲሰድቧት አይተው እጅግ አዘኑ፤ ከዚያም በኋላ ለመንገዱ የነበራቸው ፍቅር ቀዘቀዘ።

የጉዞውን መጽሐፍ በ1962 ዓመት አሳተሙ፤ በዚያው ዓመትም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ኋላ የመረመሩ ሰዎች በመጽሐፉ የተጻፈው ሁሉ እንደ ተነገረው እንዳልሆነ፥ ብዙ ሌሊትም በሆቴል እንዳደሩ ገልጸዋል። ይሁን እንጂ መንገዱን መሄዳቸው እውነት ነው። በ1968 ዓመትም በ66 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ በጽሕፈት ቤት ዘመኑን የፈጸመ ሰው የስንቱን ከተማ ስም በደብዳቤና በማኅተም ብቻ ያውቃል! የዚያ ከተማ ሰው ምን እንደሚበላ፥ በምንስ እንደሚያዝን ወረቀቱ አይነግረውም። ስለዚህ እናትና ልጆች ሆይ፥ ሽማግሌያችሁ መንገድ ሲያስብ ስንቁን አሰናዱለት፤ መድኃኒቱን ቋጥሩለት፤ በመንገድም ጐብኙት እንጂ በሩን አትዝጉበት። ሽማግሌውም ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝነውንም አይቶ ይመለስና ለልጆቹ ይንገር፤ ከርስትና ከገንዘብ ይልቅ የሚጠቅማቸው ውርስ ይህ ነውና።