ሳንሱርና የቃል ሥነ ጥበብ

ሳንሱር ሲባል በብዙዎች አሳብ የሚመጣው መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም የሚመረመር ረቂቅ፥ የሚሰረዝ መስመር፥ ከመደብር የሚለቀም ቅጂ ነው። የሮማ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከ1559 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ያቆየችው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ሥነ ጥበቡ በሰው አፍ በሚኖርበት ስፍራ ሳንሱር ምን መልክ ይይዛል? ከአገራችን ታሪክ ሁለት ምሳሌዎችን እናነጻጽር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የከተማው ሕዝብ በጅምላ ተፈጀ። ከአንድ ወር በኋላ ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም፥ በዜማ የሚተርኩ ሰዎች፥ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ስለሚመጣ መዓት ወሬ እየነዙ ሕዝቡን ያውካሉ ሲል ከሰሰ። ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙንና እስከዚያ ቀን ድረስ 70 ሰዎች መገደላቸውንም አስታወቀ።

በዚህ ጊዜ የተመረመረ ጽሑፍ አልነበረም። የዐዝማሪ ግጥም አስቀድሞ ለመርማሪ የሚቀርብ ረቂቅ የለውም፤ ማሲንቆው እየተመታ በሰሚው ፊት ይፈጠራል። ከዚህም በላይ ሰሙ ለሁሉ ቢሰማም ወርቁ የሚገለጠው ቋንቋውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከቃል መለየት ያልቻለ የባዕድ አገዛዝ ተናጋሪውን ራሱን አጠፋ።

ሁለተኛው ምሳሌ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ይህ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻው ያደረገ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ሳይቈይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ነገር ግን አስቀድሞ የተሸጡት ቅጂዎች በስውር ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ፤ መንግሥቱ ካለፈ በኋላም መጽሐፉ እንደገና ታተመ።

በሁለቱም ዘመን ሰው ጠፍቷል። ልዩነቱ ከሰውየው በኋላ በቀረው ነገር ላይ ነው። ወረቀት ደራሲውን አልፎ ይኖራል፤ የቃል ግጥም ግን ሰሚ በልቡ ካልያዘው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የቃል ሥነ ጽሑፍን የሚሰበስብ ተማሪ ያገኘውን መመዝገብ ብቻ አይበቃውም። ከአንድ ዘመን ጥቂት ግጥም ብቻ ቢያገኝ፥ ሕዝቡ በዚያን ጊዜ አልዘፈነም ብሎ ከመፍረዱ በፊት ዘፋኞቹ ምን እንደ ደረሰባቸው ሊጠይቅ ይገባዋል።