ጣቱ ክፍት የሆነ ጓንት ለደብረ ብርሃን ብርድ

ህዳር ገብቷል፤ ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ መታየት ጀምሯል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና አይደንቅም። ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ደግሞ ከቆላው የሚወጣው ጭጋግና ነፋስ ይጨመርበታል። በዚህ ሰሞን "በእጄ ሠርቼ ምን ልስጥ?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁና አንድ ላይ ልመልስ።

ለአዋቂ ሰው ከሆነ ጣቱ ክፍት የሆነ ጓንት ሥሩ። ሙሉ ጓንት ለእኛ አገር ሰው ብዙ አያገለግልም፤ ብርዱ ቢጠናም እጅ ሥራ አይፈታም። እረኛው ጅራፍ ይይዛል፣ አያቴ እንዝርት ታሾራለች፣ ጉልት የተቀመጠችው ብር ትቆጥራለች፣ ተማሪው ይጽፋል። መዳፍና የእጅ አንጓ ከሞቀ ጣትም ይታዘዛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመካከለኛ ውፍረት ክርና በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 40 ቀለበት ጀምሩ። ሁለቱን በፊት፣ ሁለቱን በኋላ እያላችሁ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ውጡ። እንዲህ የተሠራ ሹራብ ስለሚለጠጥ እጅ ላይ ልክክ ይላል። ከዚያ አጥፋችሁ ጎኑን ስትሰፉ ለአውራ ጣት 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። በቃ።

ትልቁ ጉዳይ ክሩ ነው። ገበያ ላይ በየቀለሙ የምናገኘው ርካሽ ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። እሳት ሲያገኘው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ምድጃ ሥር ለምትውል እናት ይህን መስጠት አልወድም። የበግ ፀጉር ግን አይቀልጥም፤ እሳቱ ሲርቅለት ነበልባሉ ራሱ ይጠፋል። ጤዛ ቢነካው እንኳ ሙቀቱን ይይዛል። ደግሞ የፀጉር አገር ነን! የመንዝ ሰው ከበጎቹ ፀጉር ባናውንና በርኖሱን ሲሠራ ኖሯል፤ ደብረ ብርሃንም የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት በ1950ዎቹ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ክር ካገኛችሁ ለጓንት ከእሱ የሚሻል የለም።

ለሕፃን ግን አይሆንም። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ስለሆነ ለስላሳ ቆዳ ይኮሰኩሳል። ለሕፃን ጥጥ ወይም በጣም ለስላሳ ክር ምረጡ፤ ሥራ ለበዛባት እናት የሚታጠብም ይሁን።

ለእህቴ ልጅ የሠራሁት የመጀመሪያው ሹራብ አንድ ቀን እንኳ ሳይለበስ ቀርቷል። አንገቱ ጠባብ ነበርና ጭንቅላቱ አላልፍ አለ። አራስ ልጅ ጭንቅላቱ ከደረቱ እንደሚሰፋ ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ትከሻው ላይ በቁልፍ የሚከፈት አድርጌ ነው የምሠራው፤ ቁልፉንም ደጋግሜ እሰፋዋለሁ፣ አንገት ላይ ማሰሪያ ገመድ አላደርግም። ልኩንም የስድስት ወር ልጅ አድርጉት፤ የደረቱ ዙሪያ 48 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በአራስነቱ የሚሆነው ትንሽ ሹራብ ወር ሳይሞላው ይጠበዋል።

ለክርስትና የምታደርሱ ከሆነ ቀኑ የታወቀ ነው፦ ለወንድ 40፣ ለሴት 80። አራስ ጥየቃ ስትሄዱ በዐይናችሁ ለክታችሁት ብትመለሱ ለማድረስ በቂ ጊዜ አላችሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለአንድ ጥንድ ጓንት ከ50 ግራም ብዙም የማይበልጥ ክር ነው የሚፈልገው። ከቤታችሁ ትራፊ ክር ካለ ማልዶ በጎቹን ይዞ በውርጩ ላይ ለሚሄድ አንድ የምታውቁት ልጅ ሥሩለት፤ ታህሣሥ ሳያልፍ ይድረሰው።