«ደህና ነህ?»፦ የኮንቴይነሮች የጤና ፍተሻ ዳሰሳ

በሰላምታችን ውስጥ «ደህና ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው እንኳ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮሰስ ሲሠራ ይታያል፣ ሚሞሪ ይዟል፣ ስሙም ከዝርዝሩ ላይ አለ፤ ትሬዶቹ ግን እርስ በርስ ተቆላልፈው ለአንድም ደንበኛ መልስ አይሰጡም። ፕሮሰሱ እስካልሞተ ድረስ ክላውዱ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። የጤና ፍተሻ የመጣው ይህን የልማድ «ደህና» አልፎ እውነተኛውን መልስ ለመስማት ነው።

የጤና ፍተሻ ልማድ የኮንቴይነር መሣሪያ ከሆነው ከዶከር ይቀድማል። ጉግል ቦርግ ስለተባለው የውስጥ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናታዊ ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ ቦርግ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ጤናው የሚናገር የኤችቲቲፒ ሰርቨር በውስጡ ይዟል፤ ሲጠየቅ የዘገየ ወይም የስህተት ኮድ የመለሰ ሪስታርት ይደረጋል። ጉግል በ2014 ይፋ ያደረገው የኮንቴይነር አስተዳዳሪ፣ ኩበርኔቲስ፣ ይህን ልማድ ወረሰ። በ2013 ብቅ ያለው ዶከር ደግሞ ፍተሻን ያካተተው በ2016 በወጣው 1.12 እትሙ ነው።

የዶከር አሠራር ቀላል ነው። ዶከርፋይል ላይ «ሄልዝቼክ» በሚለው መመሪያ አንድ ትእዛዝ ይጻፋል፤ ትእዛዙ ኮንቴይነሩ ውስጥ ተፈጽሞ 0 ከመለሰ ፍተሻው አለፈ፣ 1 ከመለሰ ወደቀ ማለት ነው። ካልቀየሩት በቀር በየ30 ሰከንዱ ይጠይቃል፤ 3 ጊዜ በተከታታይ ከወደቀ ኮንቴይነሩ ታማሚ ተብሎ ይመዘገባል። ይሁንና ዶከር ብቻውን ሲሆን ውጤቱን ከመለጠፍ አያልፍም፤ ታማሚውን አንስቶ ሌላ የሚተካው ስዋርም የተባለው አስተዳዳሪው ነው። ጀማሪዎችን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ፦ ኩበርኔቲስም ሆነ የአማዞን የኮንቴይነር አገልግሎት ኢሲኤስ ከዶከርፋይሉ በሚሠራው ኢሜጅ ውስጥ የተጻፈችውን ይህችን መስመር ከቁጥር አያስገቧትም። ፍተሻው በየራሳቸው ማዋቀሪያ ፋይል እንደገና መጻፍ አለበት። ኢሜጁን ለማሳነስ ሲባል «ከርል» የተሰኘችው መሣሪያ ተነቅላ ከሆነ ደግሞ፣ በእሷ የሚጠይቅ ፍተሻ ሁልጊዜ ይወድቃል። ያኔ ታማሚው መርማሪው ራሱ ነው።

መስኩ በሚገባ የተደራጀው ኩበርኔቲስ ላይ ነው። በየኖዱ (በየማሽኑ) የሚሠራው ኩብሌት ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱም የተለየ እርምጃ አለው። ስታርትአፕ «ተነስተህ ጨርሰሃል?» ይላል፤ መልሱ እስኪገኝ ሌሎቹ ሁለቱ ዝም ይላሉ። ላይቭነስ «በሕይወት አለህ?» ይላል፤ መልስ ከጠፋ ኮንቴይነሩ ተገድሎ እንደገና ይነሳል። ሬዲነስ «ሥራ መቀበል ትችላለህ?» ይላል፤ «አልችልም» ያለውን ማንም አይገድለውም፣ እስኪያገግም ድረስ ደንበኛ አይላክበትም እንጂ። ጥያቄው በኤችቲቲፒ፣ በቲሲፒ፣ በጂአርፒሲ ወይም ኮንቴይነሩ ውስጥ በሚፈጸም ትእዛዝ ሊቀርብ ይችላል። በኤችቲቲፒ ሲሆን ከ200 እስከ 399 ያለ ኮድ ሁሉ እንደ ጤና ይቆጠራል፤ ስለዚህ የስህተት ገጽ ከ200 ኮድ ጋር የሚልክ ፕሮግራም እየታመመም «ደህና» ብሎ ያልፋል።

ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደሚጎዱ በቅርብ እንይ። አንድ የጃቫ ፕሮግራም ለመነሳት 90 ሰከንድ ይፈልጋል እንበል። ላይቭነስ ካልተነካ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ መልስ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ብቻ ነው፣ 3 ጊዜ ሲወድቅ ይፈርዳል። ፕሮግራሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ ይገደላል፤ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይገደላል። ኩበርኔቲስም በየሙከራው መካከል 10፣ 20፣ 40 ሰከንድ እያለ እስከ 5 ደቂቃ ያቆየዋል። ኮዱ ምንም እንከን የለበትም፤ የገደለው ሐኪሙ ነው። ቀድሞ መፍትሔው የመጀመሪያውን ጥያቄ በግምት ማዘግየት ነበር። በ2020 መጨረሻ በ1.20 እትም የጸናው ስታርትአፕ ግን በ10 ሰከንድ ልዩነት 30 ሙከራ ቢሰጠው እስከ 300 ሰከንድ ይታገሣል፤ ፕሮግራሙ በ90ኛው ሰከንድ ከተነሳም ትርፉን አይጠብቅም።

ከዚህ የከፋው ወጥመድ ዳታቤዝ ነው። ብዙ ሰው ፍተሻው ጥልቅ እንዲሆን ብሎ ላይቭነስ ውስጥ የዳታቤዝ ጥያቄ ይጨምራል። ዳታቤዙ ለአንድ ደቂቃ ሲዘገይ፣ ምንም ያልሆኑት ኮንቴይነሮች በሙሉ ይገደላሉ፤ ሲነሱም ሁሉም በአንድ ጊዜ እዚያው ደካማ ዳታቤዝ ላይ ይረባረባሉ። የጎረቤት ሕመም በሪስታርት አይድንም። ጥያቄው ወደ ሬዲነስ ሲዛወር ግድያው ይቀራል፤ ሆኖም ሁሉም በአንድነት «አልችልም» ካሉ ደንበኛውን የሚቀበል አይኖርም። ደንበኞችን ለኮንቴይነሮች የሚያከፋፍለው የአማዞን አፕሊኬሽን ሎድ ባላንሰር እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ፣ ሁሉም ታመው ከሚዘጋ ብሎ ለሁሉም ይልካል።

ክላውዶቹ በዝርዝሩ ይለያያሉ። ኢሲኤስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዳኛ አለ፦ አንዱ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፍተሻ፣ ሌላው የሎድ ባላንሰሩ። የኋለኛው ካልተቀየረ በየ30 ሰከንዱ ጠይቆ በ2 ውድቀት ያስወጣል፤ ለመመለስ ግን 5 ስኬት ይፈልጋል። ለጀማሪ ኮንቴይነር የእፎይታ ጊዜ ካልተሰጠ የጃቫው ታሪክ እዚህም ይደገማል። የጉግል ክላውድ ራን ሳይነገረው ፖርቱ እስኪከፈት እስከ 240 ሰከንድ ይጠብቃል። የአዙር ኮንቴይነር አፕስም ሦስቱን የኩበርኔቲስ ጥያቄዎች ይቀበላል።

ስለዚህ ፍተሻ የሚጽፍ ሰው ከጥያቄው በፊት ቅጣቱን ቢያስብ ይሻለዋል፦ መልሱ «አይደለሁም» ቢሆን መግደል ያድነዋል ወይስ ማሳረፍ? ሚሞሪ የሚያፈስ ፕሮግራም በሪስታርት ለጊዜው ይድናል፤ ደንበኛም ምንም ላይሰማ ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው ግን፣ ኩበርኔቲስ ላይ ከፖዱ (ኮንቴይነሩን ከያዘው ክፍል) ስም ጎን የተጻፈውን የሪስታርት ብዛት የሚያይ ከሌለ ሕመሙ እዚያው ይከርማል። ቆጣሪው 40 የደረሰ ኮንቴይነር አሁን ሲጠየቅ «ደህና» ይላል። ቆጣሪው ግን ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ይናገራል።